በሦስት ደቂቃ ውስጥ የገቡ አራት ጨዋታዎች

በ2018 ጃካርታ ላይ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች ውድድር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከሩጫውና ከዋናው ጎን ስድስት የቪዲዮ ጨዋታዎች ለማሳያ ያህል ቀርበው ነበር። ሜዳሊያቸው ከአገሮቹ ድምር ባይገባም ተጫዋቾቹ አገራቸውን ወክለው ተሰልፈዋል። ከስድስቱ አራቱን ነጥሎ ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው የቤተሰብ ፎቶ የሚያይ ይመስለዋል። አንዱ ስታርክራፍት ሁለት ነው፤ ማዕድን እያስቆፈሩ፣ ጦር እያሠለጠኑ የሚዋጉበት የስልት ጨዋታ። ሌላው ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ነው፤ አምስት ለአምስት ሆነው አንዱ የሌላውን ማማ ለማፍረስ የሚፋለምበት። ሦስተኛው ኸርዝስቶን፣ ተጋጣሚን በካርታ የሚረቱበት ነው። አራተኛው ክላሽ ሮያል ይባላል፤ ከሦስቱም የወረሰ ልጅ ነው። ያኔ ከተወለደ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነበር። ታላላቆቹ አንዱን ግጥሚያ ለመቋጨት አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃሉ። ልጁ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ካልተሸናነፉ ጥቂት ጭማሪ ደቂቃ ይሰጣቸዋል፣ በቃ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ተጀምሮ ታክሲው ሳይሞላ ያልቃል።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ድብልቅ እንዴት እንደሚሠራ ሲያስብ የሚታየው መደመር ነው፤ ከዚህኛው ጥሩውን፣ ከዚያኛውም ጥሩውን ወስዶ አንድ ላይ ማድረግ። የጨዋታ ማስታወቂያዎችም የሚያወሩት እንዲያ ነው። የእነዚያ ጨዋታዎች አብዛኞቹ ግን በያይነቱ ሆነው ይቀራሉ። ሽሮው ሽሮ ነው፣ ምስሩም ምስር፤ አንድ እንጀራ ላይ መቀመጣቸው አንድ ወጥ አላደረጋቸውም። ክላሽ ሮያል የሚያሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው ባይ ነኝ። ዘውግ ከዘውግ የሚዋሐደው እያንዳንዱ የሚኮራበትን ነገር ሲተውና የተረፈው ሁሉ በአንድ መገበያያ ሲተሳሰር ነው። ቅነሳው እዚህ ለማሳመር የሚደረግ የመጨረሻ ሥራ አይደለም፤ ዋናው ሥራ ራሱ እሱ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ የወላጆቹ የትውልድ ታሪክ ነው። በኮምፒውተር ላይ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቅ የሚዋጋበት የስልት ጨዋታ መልኩን የያዘው በ1992 በወጣው ዱን ሁለት ነው። ሀብት ትሰበስባለህ፣ ሰፈር ትገነባለህ፣ ጦር ታወጣለህ፣ ታዘምታለህ። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዋርክራፍትንና ስታርክራፍትን በዚሁ መንገድ ሠራ፤ ከጨዋታዎቹ ጋርም ተጫዋቹ የራሱን ሜዳ የሚቀርጽበት መሣሪያ ሰጠ። ነገሩ የተወለደው እዚያ ነው። አድናቂዎች በዋርክራፍት ሦስት መሣሪያ እየተጫወቱ ሳለ አንዳንዶቹ ግንባታውንና ሠራዊቱን አውጥተው ጣሉና ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና ብቻ ተዉለት፤ ወታደሮቹ በራሳቸው እየተንጋጉ በመንገዳቸው ይሄዳሉ። ዲፌንስ ኦፍ ዘ ኤንሸንትስ የተባለው ሜዳ በ2003 እንዲህ ወጣ፤ ከእሱም በ2009 ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ተወለደ። ዛሬ ዘውጉን ሞባ ይሉታል። ሌሎች ደግሞ ማጥቃቱን አውጥተው ጣሉና መከላከሉን ብቻ አስቀሩ፤ ጠላት በታወቀ መንገድ ይመጣል፣ የአንተ ሥራ ማማ መትከል ነው። በ2009 የወጣውና አትክልት ከሙታን ጋር የሚዋጋበት ፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ የዚህ ዘር ታዋቂ ልጅ ነው። እንግዲህ ሞባም ሆነ የማማ መከላከል አዲስ ነገር ተደምሮባቸው የተፈጠሩ አይደሉም። ከአንድ ትልቅ ጨዋታ ላይ ግማሹ ተቆርጦ ሲወድቅ የቀረው ግማሽ በራሱ እግር ቆመ። ከዚህ ቤተሰብ ውጭ የመጣው አማች ካርታው ብቻ ነው፤ እሱም ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1993 ካወጣው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ተነሥቶ በ2014 ኸርዝስቶን ላይ የደረሰ ነው።

ክላሽ ሮያልን የሠራው ሱፐርሴል በ2010 ሄልሲንኪ ውስጥ የተቋቋመ የፊንላንድ ኩባንያ ነው። በ2012 ባወጣው ክላሽ ኦፍ ክላንስ ሀብታም ሆኗል። ክላሽ ሮያልን በ2016 ጥር ላይ በጥቂት አገሮች ሞክሮ መጋቢት 2 ቀን ለዓለም ሁሉ ለቀቀው። ሜዳው ከስልክ ስክሪን አይበልጥም። መሐሉን ወንዝ ያቋርጠዋል፣ በወንዙ ላይ ሁለት ድልድዮች አሉ፣ በየወገኑ ሁለት ትናንሽ ማማዎችና አንድ የንጉሥ ማማ ቆመዋል። ከሞባ የተወሰደው መንገዱ፣ ማማውና በራሱ የሚሄደው ወታደር ነው፤ የሞባ ነፍስ የነበረው ጀግናው ግን የለም። አራቱ የቡድን ጓዶች፣ የዕቃ መደብሩ፣ ጫካው አብረው ቀርተዋል። ከማማ መከላከል በራሱ የሚተኩሰው ማማ ተወስዶ ማዕበል እያከታተለ የሚልከው ማሽን ተባሯል፤ በቦታው ሰው ተቀምጧል። ከስልት ጨዋታው የእኩል ጊዜ ፍልሚያው ቀርቶ ማዕድን ቁፋሮው፣ ግንባታውና ከሁሉ በላይ ወታደርን እጁን ይዞ መምራት ተሰርዟል። አንዴ ካስቀመጥከው አታዘውም፤ የት እንደምታስቀምጠውና መቼ እንደምታስቀምጠው ብቻ ነው የአንተ። ከካርታው ደግሞ የራስን ጥቅል ማዘጋጀት ተወስዶ ሥልሳና ሠላሳ የነበረው የካርታ ብዛት ወደ ስምንት ወርዷል፤ ተራ መጠበቅም ቀርቷል። ዝርዝሩን ላየ ሰው እያንዳንዱ ወላጅ ቤት ሲገባ ጫማውን ብቻ ሳይሆን ካባውንም አውልቆ ነው የገባው።

እነዚህን ቁርጥራጮች የሚያስተሳስረው በስክሪኑ ግርጌ የሚሞላ ሐምራዊ ፈሳሽ ነው፤ ኤሊክሰር ይሉታል። እያንዳንዱ ካርታ ዋጋ አለው፤ አንድ የሚያስከፍል አለ፣ ዘጠኝ የሚያስከፍልም አለ። ፈሳሹ በየ2.8 ሰከንዱ አንድ ጠብታ ይጨምራል፤ እንስራው አሥር ሲሞላ ቀጣዩ ጠብታ ይባክናል። በመጨረሻው ደቂቃ ፍጥነቱ በእጥፍ ያድጋል፤ በየ1.4 ሰከንዱ አንድ። ሒሳቡን ብንሠራው የመጨረሻዋ አንድ ደቂቃ ብቻዋን ከፊተኞቹ ሁለት ደቂቃዎች እኩል፣ ማለትም 43 ያህል ጠብታ ትሰጣለች። በጠቅላላው ሰማንያ ስድስት ገደማ መሆኑ ነው። የአንድ ካርታ ዋጋ በአማካይ ሦስት ተኩል ቢሆን ተጫዋቹ በአንድ ግጥሚያ ሃያ አምስት ያህል ካርታ ይጥላል። ሃያ አምስት ውሳኔ ማለት ነው። የስታርክራፍት ባለሙያዎች በአንድ ደቂቃ ብቻ ከሦስት መቶ በላይ ትእዛዝ ይሰጣሉ። ሰው የሚዘነጋው ነገር ቢኖር ፈጣን የተባለው ክላሽ ሮያል በእጅ ፍጥነት ከወላጁ እጅግ የዘገየ መሆኑን ነው። የሚያጣድፈው ጠብታው ነው። ዝም ብለህ ብትቀመጥ እንስራው ሞልቶ ይፈስሳል፤ ቸኩለህ ብትጥል ባዶ እጅህን ትያዛለህ። ማዕድን ቁፋሮው ጠፋ ስንል ትርጉሙ ይህ ነው፤ ኢኮኖሚው ሳይሆን ቁፋሮው ነው የጠፋው። የሁለቱም ገቢ እኩል ተደርጎ ልዩነቱ ወደ አወጣጡ ዞረ።

አንዲት የስምንት ሰከንድ ክስተት ቀረብ ብለን እንያት። ተጋጣሚ ሆግ ራይደርን ይጥላል፤ በትልቅ አሳማ ላይ ተፈናጥጦ መዶሻ የሚያወዛውዝ፣ ወንዙን ዘሎ ተሻግሮ ሰው ሳያይ ቀጥታ ወደ ማማ የሚገሰግስ፣ ዋጋው አራት። ተከላካዩ የአፅም ጭፍራ ያፈስስበታል፤ በአንድ ምት የሚሞቱ ግን በብዛት ከበው የሚቦጫጭቁ ትናንሽ አፅሞች፣ ዋጋቸው ሦስት። ነገሩ እዚህ ቢቆም ተከላካዩ በአንድ ጠብታ ይቀድማል። አጥቂው ግን ይህን ጠብቆት ነበር፤ ሁለት የሚያስከፍለውን ግንድ ያንከባልላል፤ አፅሞቹ ሁሉ ድራሻቸው ይጠፋል፣ መዶሻው ማማው ላይ ሁለት ሦስቴ ያርፋል። አሸነፈ? አጥቂው ስድስት አወጣ፣ ተከላካዩ ሦስት። የሦስት ጠብታ ልዩነት በጊዜ ሲመነዘር 8.4 ሰከንድ ነው። ለእነዚያ ስምንት ሰከንዶች ተከላካዩ በሌላኛው ድልድይ በኩል ለሚልከው ነገር ተጋጣሚው መመለሻ ሊያጣ ይችላል። የማማው ጉዳት ከስምንት ሰከንድ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? መልሱ በየግጥሚያው ይለያያል፤ የጨዋታው ጣዕምም እዚያው ላይ ነው። ልብ ብሎ ለተመለከተው በዚህች ቅጽበት ውስጥ አራቱም ዘውጎች አሉ፤ ሆኖም አንዱን ከአንዱ ነጥሎ «ይህ ካርታ ነው፣ ይህ ማማ መከላከል ነው» ማለት አይቻልም። ካርታው ጊዜ ነው፤ ጊዜው ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ጦር ነው።

ካርታንና የእኩል ጊዜ ፍልሚያን ማጋባት ግን ከሁሉ የከበደው ስፌት ነው፤ አንዱ ተራ በተራ የሚሄድ፣ ሌላው ተራ የማያውቅ ነውና። ይህ ችግር ከኮምፒውተር በጣም የቆየ መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ መኳንንት ዘንድ ይዘወተር የነበረው የጥንቱ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለይበት አንድ ደንብ ነበረው። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጋጣሚዎች ተራ አይጠባበቁም፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየተከተለ፣ የፈለገውን ያህል እያንቀሳቀሰ ጦሩን ያዘጋጃል፤ የመጀመሪያው መበላላት ሲመጣ ብቻ ተራ በተራ መሄድ ይጀመራል። ያ የመክፈቻ ክፍል ወረራ ይባላል። የሰንጠረዥ ተጫዋቾች ሁለቱን ባሕርያት ያስታረቁት ድንበር በመከለል ነው፤ እስከዚህ በአንድ ጊዜ፣ ከዚህ ወዲያ በየተራ። ሄልሲንኪዎቹ ድንበር አልከለሉም፤ ተራን አቅልጠው ፈሳሽ አደረጉት። በኸርዝስቶን ጉልበትህ በየተራው አንድ እየጨመረ እስከ አሥር ይደርሳል። በክላሽ ሮያልም ጣሪያው ያው አሥር ነው፤ የሚጨምረው ግን ተራው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ክላሽ ሮያል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወረራ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ስምንት ካርታ ብቻ መሆኑም የመሰለውን ያህል ድህነት አይደለም። በአንድ ጊዜ እጅ ላይ አራት ይታያሉ፤ የተጣለው ወደ ሰልፉ ኋላ ይሄድና ሌሎች አራት ካልተጣሉ አይመለስም። ስለዚህ ዕድል የሚገባው መጀመሪያ ላይ በየትኞቹ አራት እንደምትጀምርና የቀሩት አራት በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰለፉ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በቅደም ተከተል የሚዞር ነው። የተጋጣሚን ካርታ የሚቆጥር ሰው «ግንዱን አሁን ጥሏል፤ አራት ካርታ እስኪጥል ድረስ አይመለስለትም» ብሎ አፅሞቹን በድፍረት ያወጣል። ካርታ ጨዋታ ላይ የወጣውንና ያልወጣውን በልቡ እየመዘገበ የሚቀመጠውን ዝምተኛ ሰው የሚያውቅ ሁሉ ይህ ችሎታ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ሥልሳ ካርታ ቢሆን ኖሮ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ማንም ሊቆጥረው አይችልም ነበር። ቅነሳው ለትዝታ ቦታ ከፈተ።

እዚህ ላይ የቀድሞዎቹ የስልት ጨዋታ ሰዎች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ሊናቅም አይገባም። «ይህ የእኛን ጨዋታ ቆራርጦ ለስልክ ማመቻቸት እንጂ ምን ፈጠራ ነው? ጥልቀቱ ሄዷል» ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። በስታርክራፍት ውስጥ ሰላይ ልኮ የጠላትን ሰፈር መሰለል፣ በሃያኛው ደቂቃ ከሞት አፋፍ ተመልሶ ማሸነፍ፣ የራስን ከተማ ከምንም ተነሥቶ ማቆም አለ፤ እነዚህ በክላሽ ሮያል የሉም፣ ሊኖሩም አይችሉም። ተጫዋቹ የሚያጣው የእውነት ነገር ነው። ነገር ግን ጥልቀት በደንብና በቁልፍ ብዛት የሚለካ ከሆነ ቆርኪ አሰልፈው ዳማ የሚጫወቱት ሁሉ፣ ጠጠር እየቆጠሩ ገበጣ ላይ የሚያመሹትም ሁሉ ጥልቀት የማያውቁ ሊሆኑ ነው። ደንቡ ትንሽ መሆኑ ሳይሆን ከትንሹ ደንብ ምን ያህል ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል የሚለው ነው ጥያቄው። በክላሽ ሮያል የንጉሡ ማማ እስኪነካ ወይም ከትናንሾቹ ማማዎች አንዱ እስኪወድቅ ድረስ ተኝቶ ይቆያል፤ አይተኩስም። ብልሆቹ ተጫዋቾች ይህን ገልብጠው ተጠቀሙበት፤ የጠላትን ወታደር ሆን ብለው ወደ ራሳቸው ንጉሥ ስበው ጥቂት እንዲመታው ያደርጋሉ፤ ንጉሡ ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ግጥሚያው ፍጻሜ አንድ ተጨማሪ መድፍ በነፃ አገኙ ማለት ነው። የራስን ንጉሥ ማስመታት በየትኛውም መማሪያ ላይ የመጀመሪያ ትምህርት አይሆንም። እንዲህ ያለ ነገር የሚበቅልበት ሜዳ ደረቅ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገበያው በኩል ይመጣል። ገጸ ባሕርያቱ ከክላሽ ኦፍ ክላንስ የታወቁ ናቸው፣ ኩባንያውም ገንዘብ አለው (የክላሽ ሮያል መውጫ በሆነው በዚያው በ2016 በቻይናው ቴንሰንት የሚመራ ቡድን 84.3 በመቶውን በ8.6 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማምቷል)፤ ስለዚህ ውሕደቱ ባይኖርም ይሳካ ነበር የሚል። ይህን ለመመዘን የኩባንያውን ሌሎች ልጆች ማየት ይበቃል። ክላሽ ኩዌስት እነዚያኑ ፊቶች ይዞ በ2021 ለሙከራ ወጣ፤ በ2022 ተዘጋ። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ስኳድ ባስተርስ ነው። በ2024 ግንቦት ሲለቀቅ የሱፐርሴልን ጨዋታዎች ጀግኖች አንድ ላይ ሰብስቦ፣ መሰብሰብን፣ መዋጋትን፣ ማሳደግን፣ የብዙ ሰው ፉክክርን በአንድ ሜዳ ላይ አቀረበ። ዝናው ነበረ፣ ገንዘቡም ነበረ፣ ቅይጡም ከክላሽ ሮያል ይበልጥ የበዛ ነበር። በ2025 ኩባንያው ጨዋታውን ማልማቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ለአንድ ጨዋታ መውደቅ ብዙ ምክንያት ይኖራል፤ ሁሉንም በአንድ ክር መጎተት ተገቢ አይሆንም። ቢያንስ ግን ታዋቂ ፊትና ሙሉ ካዝና ብቻቸውን ውሕደትን እንደማያሰምሩ ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም። ስኳድ ባስተርስ ብዙ ነገር ይዟል፤ ከያዛቸው መካከል ክብሩን ጥሎ የገባ የትኛው እንደሆነ ግን ለመናገር ይከብዳል።

ከክላሽ ሮያል ቀደም ብሎም ካርታንና የስልት ጨዋታን ለማጋባት የሞከረ ነበር። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2009 ያወጣው ባትልፎርጅ ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ከክላሽ ሮያል ጋር መንትያ ነው፤ ካርታ ትሰበስባለህ፣ ጥቅልህን ታዘጋጃለህ፣ ካርታው በሜዳው ላይ ጦር ይሆናል። ግንባታንና ሠራተኛ መንዳትንም ቀንሷል። ወታደሮችን ቡድን በቡድን ማዘዝ ግን አለ፤ የኃይል ምንጮችን እየተዘዋወሩ መያዝ አለ፤ ሐውልቶችን ይዞ ደረጃ በደረጃ ማደግም አለ፤ ጥቅሉም ሃያ ካርታ ነው። ካርታውን ለመምረጥ የሚያስፈልገው ሐሳብና ጦሩን ለመምራት የሚያስፈልገው እጅ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ላይ ይወድቃሉ። ዛሬም በናፍቆት የሚያነሡት ሰዎች ያሉት ቆንጆ ጨዋታ ነበር፤ በ2013 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰርቨሩ ተዘጋ። የሁለቱ ልዩነት የሰባት ዓመት ቴክኖሎጂ ብቻ አይመስለኝም። አንደኛው ግማሽ መንገድ ቀንሶ ቆመ፤ ሌላኛው ወታደርን ማዘዝን እስከ መተው ደፈረ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን በትክክል ያርፋል። ክላሽ ሮያል ሲጀመር በነፃ ነው፤ ካርታዎቹ ደግሞ ደረጃ አላቸው። አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ካርታ ጉልበቱም ጤናውም በአሥር በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ቅድም ባየነው ሒሳብ ውስጥ ግን ትንሽ አይደለም። በእኩል ደረጃ በአንድ ድግምት መሞት የነበረበት ወታደር በክር ያህል ሕይወት ከተረፈ የሁለትና የሦስት ጠብታው ስሌት ሁሉ ይፈርሳል። ደረጃ ለመጨመር ለረጅም ጊዜ መንገዱ ሣጥን ነበር፤ አሸንፈህ የምታገኘውን የብሩን ሣጥን ለመክፈት ሦስት ሰዓት፣ የወርቁን ስምንት ሰዓት መጠበቅ፤ ትዕግሥት ከሌለህ መክፈል። በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ጨዋታ ስምንት ሰዓት የሚያስጠብቅ ሣጥን ተለጠፈበት። ተጫዋቾች ገንዘብ ያለው ያሸንፋል እያሉ ያማርራሉ፤ ምሬታቸው መሠረት አለው። ለእኔ ግን ይህ ክርክሩን የሚያፈርስ ሳይሆን ከውስጥ የሚያጠነክር ነው። ለውድድር መድረኮች ሲሆን የካርታ ደረጃ እኩል እንዲሆን ይደረጋል፤ እዚያ ደረጃው ተነሥቶ የቀረው ጨዋታ ሙሉ ነው፣ አንዳች አይጎድለውም። ቅሬታ የሚያበዛው እንግዲህ ከአራቱ ዘውጎች አንዳቸውም አይደሉም፤ ከውጭ የተደመረው ሱቅ ነው። ኩባንያውም ራሱ በ2025 እነዚያን በሰዓት የሚከፈቱ ሣጥኖች አንሥቷቸዋል፤ የደረጃው ነገር ግን አሁንም አለ።

ያው የመደመር ፈተና በሜዳው ውስጥም አልቀረም። በ2021 ልዩ ችሎታቸው በአዝራር የሚቀሰቀስ ሻምፒዮን የሚባሉ ካርታዎች ገቡ፤ በ2023 ደግሞ ካርታው የተወሰነ ጊዜ ከዞረ በኋላ የሚጠነክርበት ኢቮሉሽን መጣ። ሻምፒዮኑ ከሞባው የተባረረው ጀግና በመስኮት ሲመለስ ነው፤ ተጥሎ የማይታዘዝ የነበረው ወታደር አሁን በትንሹም ቢሆን ይታዘዛል። የቀደሙት ተጫዋቾች የሚያጉረመርሙት ለውጥ ስለማይወዱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሃያ አምስት ውሳኔ በሚያስተናግድ ሦስት ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱ አዲስ ነገር የሚገባው ሌላውን ገፍቶ ነው።

በ2025 ክረምት ኩባንያው ሌላ ዘውግ ለማምጣት ሲፈልግ ያደረገው ነገር ግን የተለየ ነበር። ጦር አሰልፈህ ፍልሚያውን ቁጭ ብለህ የምታይበት፣ ከ2019 ጀምሮ በኮምፒውተር ላይ የገነነው ራስ ተዋጊ የሚባለው ዘውግ ነው፤ መርጅ ታክቲክስ ብለው አቀረቡት። አራት ሰዎች ይጫወቱታል፣ ዙር በዙር ይሄዳል፣ ካርታዎቹ የቆዩት ናቸው። ወደ ዋናው ሜዳ አላስገቡትም። እዚያው መተግበሪያ ውስጥ የራሱን በር ቆርጠው በጎረቤት ክፍል አስቀመጡት። በቀድሞው ክፍል ወንዙ አሁንም አንድ ነው፣ ድልድዩም ሁለት፤ ጠብታው በየ2.8 ሰከንዱ ይንጠባጠባል።